የስፒንድልን የመዞሪያ አቅጣጫ ለመቀየር የትኛው መንገድ ይሻላል? ለጅማ ወርክሾፖች የንጽጽር መመሪያ

በጅማ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ሚሊንግ ማሽን ለመግዛት፣ ወይም አሮጌ ማሽን አድሰው በኮምፒዩተር ለማሠራት የሚያስቡ የቶርኖ ቤትና የእንጨት ሥራ ባለቤቶች ሲያማክሩኝ በቅድሚያ የሚያነሡት የማሽኑን ስፋት፣ የሞተሩን ጉልበትና ዋጋውን ነው። ስፒንድሉ፣ ማለትም መቁረጫውን ይዞ የሚዞረው ዘንግ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይዞር እንደሆነ የሚጠይቁት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ እነርሱም ሻጩ «ይዞራል» ካላቸው በዚያው ይረካሉ። መልሱ ግን ጎደሎ ነው። በቀኝም በግራም መዞር የሚችል ሞተር ሞልቷል፤ ከአንዱ አቅጣጫ ወደ ሌላው ሲሻገር መቁረጫውን ሳይሰብር፣ ኮንታክተሩን (ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያስገባውንና የሚያቋርጠውን ማብሪያ) ሳያቃጥልና በሞርሳ የታሰረውን ዕቃ ሳያበላሽ የሚሻገር አሠራር ግን ታስቦበት የሚመረጥ ነው።

በእኔ እምነት አማራጮቹን ለማወዳደር ሚዛን የሚሆነው ጥያቄ አንድ ነው። ስፒንድሉ ወደ ኋላ እንዲዞር ሲታዘዝ፣ የመጀመሪያው ዙሩ በእርግጥ መቆሙን የሚያውቀው ማን ነው? በግምት የተሞላ የመጠበቂያ ጊዜ ነው፣ ኢንቨርተሩ (ሄርዙን እየቀያየረ የሞተሩን ፍጥነትና አቅጣጫ የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ነው፣ ዘንጉ ላይ ተገጥሞ ዙሩን የሚከታተል ኢንኮደር ነው፣ ወይስ ማንም አያውቅም? ዋጋውም፣ የገጠማው ድካምም፣ የሚደርሰው ጉዳትም ከዚህ ጥያቄ መልስ ይመነጫሉ።

ለጀማሪዎች አንድ ነገር ላስታውስ። በተለመደው የማሽን ቋንቋ ኤም 3 ስፒንድሉ እንደ ሰዓት ዘንግ ወደ ቀኝ እንዲዞር፣ ኤም 4 በተቃራኒው ወደ ግራ እንዲዞር፣ ኤም 5 ደግሞ እንዲቆም ያዛሉ። ቀኝና ግራ የሚባለው ከስፒንድሉ በኩል ሆኖ ወደ ዕቃው ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ነው። ከታች ወደ ላይ አንጋጦ የሚያይ ሠራተኛ አቅጣጫው ተገልብጦ ስለሚታየው በገጠማ ጊዜ ብዙ ክርክር የሚነሣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለመሆኑ አቅጣጫ መቀየር ያስፈልጋል?

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ይህን ጥያቄ በቅንነት መመለስ ተገቢ ነው፤ አማካሪዎችም ሻጮችም ቶሎ የሚያልፉት እርሱን ነውና። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ፣ የበር ቅርጽ፣ የአልጋ ራስጌና የመሳሰሉትን የሚያወጣ የእንጨት ቤት ኤም 4ን አንድም ቀን አይፈልገውም። የእንጨት መቁረጫዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ቀኝ ዙር የተሳሉ ናቸው፤ ወደ ግራ ቢዞሩ ምላጩ በጀርባው እያሻሸ እንጨቱን ያከስላል፣ መቁረጫው ግሎ ይደነዝዛል፣ ከዚያም ይሰበራል። ለእንጨት ቤት የሚበጀው ስለዚህ አቅጣጫ የመቀየር ችሎታ ሳይሆን አቅጣጫው በስሕተት እንዳይቀየር መቆለፍ ነው። በብዙ ኢንቨርተሮች ውስጥ ለዚህ የተመደበ ቅንብር አለ። በእኛ ገበያ በብዛት በሚገኘው ሁዋንያንግ ኢንቨርተር ላይ ፒ.ዲ. 023 የተባለው ቅንብር ዜሮ ሲሆን ወደ ኋላ መዞር ይከለከላል፣ አንድ ሲሆን ይፈቀዳል። የእንጨት ቤት ባለቤት ይህንን ዜሮ አድርጎ የቀረውን የዚህን ጽሑፍ ክፍል ቢያልፈው የሚያጣው ነገር የለም።

የብረት ሥራም ቢሆን አብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ያልቃል። ፊት ማስተካከል፣ ቦይ ማውጣት፣ መብሳት፣ ቀዳዳ ማስፋት ሁሉም ቀኝ ዙር ናቸው። ወደ ኋላ መዞር የግድ የሚሆነው በዋናነት በታፕ፣ ማለትም ቀዳዳ ውስጥ የብሎን ጥርስ በሚቆርጥ መሣሪያ፣ ጥርስ ሲወጣ ነው፤ ታፑ እየዞረ ከገባ በኋላ እየዞረ መውጣት አለበትና። ከዚህ ውጪ ለግራ ዙር የተሳሉ መቁረጫዎችና የግራ ጥርስ ያላቸው ብሎኖች አሉ፤ ግን በእኛ ከተማ ሥራ እምብዛም አይገጥሙም። ጥያቄው እንግዲህ «በወር ስንት ቀዳዳ ላይ ጥርስ አወጣለሁ?» ወደሚል ይጠባል። የእሸት ቡና ወቅት ሲቃረብ ከጎማና ከሊሙ የመፈልፈያ ማሽን መለዋወጫ የሚጎርፍለት ቤት መልሱ ብዙ ሊሆን ይችላል። አልፎ አልፎ አንድ ሁለት የፑሌጃ መቆለፊያ ቀዳዳ ለሚሠራ ሰው ግን ማሽኑ ቀዳዳውን በትክክለኛው ቦታ ቀጥ አድርጎ ከበሳለት ጥርሱን በእጅ ማውጣቱ አያስቸግረውም።

ብዙ ቀዳዳ ላለውም ቢሆን ስፒንድሉን ወደ ኋላ ሳያዞሩ ጥርስ የሚወጣባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በጥርስ መፍጫ መቁረጫ መሥራት ነው። ከቀዳዳው የቀጠነ መቁረጫ ወደ ቀኝ እየዞረ በቀዳዳው ዙሪያ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይሄዳል፤ ለተለመደው የቀኝ ጥርስ ከታች ጀምሮ በጂ 3 (ወደ ግራ በክብ የመሄድ ትእዛዝ) እየዞረ ወደ ላይ ቢወጣ አቆራረጡ ጥሩ ይሆናል። ለኤም 8 (የ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርስ ማለት ነው፤ ከኤም 3ና ከኤም 4 ትእዛዞች ጋር አይምታታ) ቀዳዳው 6.8 ሚሊ ሜትር፣ ለኤም 10 ደግሞ 8.5 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን መቁረጫው ለመንቀሳቀስ በቂ ቦታ ያገኛል። ኤም 6 ግን 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብቻ ስላለው መቁረጫው በጣም ይቀጥናል፣ ለመሰበርም ይቀርባል። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም መቁረጫው ቢሰበር እንኳ ስባሪው ቀዳዳው ውስጥ አለመጣበቁ ነው፤ የተሰበረ ታፕ ከብረት ውስጥ ለማውጣት ግማሽ ቀን ያጠፋ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል። ጉዳቱ አዝጋሚነቱና መቁረጫውን ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ማስፈለጉ ነው።

ሁለተኛው ራሱን የሚገለብጥ የታፕ መያዣ ነው። ስፒንድሉ ያለማቋረጥ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ማሽኑ ወደ ላይ መሳብ ሲጀምር በመያዣው ውስጥ ያሉት ማርሾች ታፑን ወደ ግራ ያዞሩታል። የመያዣው አካል አብሮ እንዳይዞር የሚያግደው ክንድ ከማሽኑ ገላ ጋር መታሰር አለበት። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ሞተሩንም ኢንቨርተሩንም ሳይነኩ ብዙ ቀዳዳ በፍጥነት ለሚያወጣ ቤት ከምገምተው በላይ ጠቅሞ አይቼዋለሁ።

ሁለት ኮንታክተሮች

በስሪ ፌዝ ሞተር ላይ ከሦስቱ መስመሮች የማንኛቸውም ሁለቱ ቦታ ሲለዋወጡ ሞተሩ አቅጣጫውን ይቀይራል። ሁለት ኮንታክተሮች ይገጠማሉ፤ አንዱ መስመሮቹን እንዳሉ፣ ሌላው ሁለቱን አለዋውጦ ያስገባል። ርካሽ ነው፣ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያውቀዋል፣ ዕቃውም እዚሁ ጅማ ይገኛል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተዘጉ ግን በፌዞች መካከል ቀጥታ ሾርት ስለሚፈጠር፣ በሽቦ የተሠራ መተጋገጃ ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ ሲገባ ሌላውን በአካል የሚያግድ ሜካኒካዊ መቆለፊያም ሊኖር ይገባል። ይህን ለመቆጠብ የሚሞክር ሠራተኛ ቢገጥምዎ አይፍቀዱለት።

ለጥያቄያችን የዚህ አማራጭ መልስ «ማንም አያውቅም» የሚል ነው። ኮንታክተር ዘንጉ ቆሞ ይሁን ሲበር አይለይም። በሙሉ ፍጥነት ወደ ቀኝ የሚዞር ሞተር ላይ የግራው ኮንታክተር ቢገባ ሞተሩ ከመነሻ ኤሌክትሪኩ የሚበልጥ ይስባል፤ የመነሻው ራሱ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ሊሆን እንደሚችል ልብ ይሏል። ቺንጋው ይንሸራተታል፣ የኮንታክተሩ ነጥቦች በብልጭታ ይበላሉ፣ የመቁረጫ መያዣው ሊላላ ይችላል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ጊዜ የሚቆጥር ሪሌ መግባት አለበት፤ እርሱም ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ከዚህ ሌላ ኮንታክተር ፍጥነት አይቀንስም። ባለ አራት ፖል ሞተር በ50 ሄርዝ በደቂቃ ወደ 1,400 ገደማ ይዞራል፤ በዚህ ፍጥነት ኤም 8 ታፕ ማስገባት ታፑን ማጥፋት ነው። ስለዚህ ይህ መንገድ የሚስማማው የራሱ የማርሽ ሳጥን ላለው አሮጌ ከባድ ሚሊንግ ማሽን ብቻ ነው።

ከኤሌክትሪክ መስመራችን ጋር የተያያዘ ጉዳይም አለ። የመንገድ መስመር ወይም ትራንስፎርመር ተጠግኖ መብራት ሲመለስ የፌዞች ቅደም ተከተል ተገልብጦ ሊመጣ ይችላል፤ የወፍጮ ባለቤቶች ሞተራቸው በተቃራኒው ሲዞር የሚያዩት በዚህ ጊዜ ነው። በኮንታክተር የሚሠራ ስፒንድልም እንደዚያው ይገለበጣል፣ ኤም 3 ሲባል ወደ ግራ ይዞራል። የፌዝ ቅደም ተከተልን የሚጠብቅ ሪሌ ይህን ይከላከላል። ኢንቨርተር ያለው ሰው ግን ከዚህ ሥጋት ነፃ ነው፤ ኢንቨርተሩ የሚገባለትን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ለውጦ እንደ አዲስ ስለሚፈጥረው፣ የመግቢያው መስመሮች ቢለዋወጡ የሞተሩ አቅጣጫ አይቀየርም። የሚቀየረው ከኢንቨርተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ሲለዋወጡ ነው።

በሲንግል ፌዝ ለሚሠሩ

ስሪ ፌዝ ያልገባላቸው ቤቶች ኮንደንሰር ያለው የሲንግል ፌዝ ሞተር ገጥመው አቅጣጫውን ለማስቀየር ሲሞክሩ አያለሁ። ይህን አልመክርም፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው። በኮንደንሰር የሚነሣው ሞተር አቅጣጫውን የሚወስነው የማስነሻ ጥቅሉ ሲሆን፣ ሞተሩ ፍጥነት ሲያገኝ ውስጡ ያለው ማብሪያ በዙሩ ኃይል ተከፍቶ ያንን ጥቅል ያላቅቀዋል። ስለዚህ ሞተሩ እየዞረ ሳለ የማስነሻ ጥቅሉን ጫፎች ቢገለብጡት ምንም አይፈጠርም፣ በነበረበት አቅጣጫ መዞሩን ይቀጥላል። ኮምፒዩተሩ ኤም 4 አዝዤ ተፈጽሟል ብሎ ማሽኑን ወደ ላይ ይስባል፤ ታፑ ግን አሁንም ወደ ውስጥ እየዞረ ነው። ውጤቱን መገመት አያዳግትም።

ካርቦን ብሩሽ ያለው የእጅ ራውተር ስፒንድል ሆኖ የተገጠመበት ማሽንም የመሰኪያውን ሽቦዎች በመለዋወጥ አቅጣጫ አይቀይርም፤ በዚህ ዓይነት ሞተር የመስኩና የመሀሉ ጥቅል አብረው ስለሚገለበጡ ዙሩ ያው ነው። ኤም 4ን ከእርሱ መጠበቅ አይገባም። በቋሚ ማግኔት የሚሠራ የቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሞተር ግን ሽቦው ሲገለበጥ በእርግጥ ይገለበጣል፤ ለትንንሽ የማስተማሪያ ማሽኖች በአራት መቀያየሪያ የሚሠራው ሰሌዳ ይበቃዋል፣ ከመገልበጡ በፊት እንዲቆም ጊዜ እስከተሰጠው ድረስ።

ሲንግል ፌዝ ብቻ ላለው ቤት ትክክለኛው መፍትሔ 220 ቮልት ሲንግል ፌዝ ተቀብሎ 220 ቮልት ስሪ ፌዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር ከዚያ ጋር ከሚስማማ ስሪ ፌዝ ሞተር ጋር መግዛት ነው። ይህም ወደ ዋናው አማራጭ ይወስደናል።

ኢንቨርተር፦ ለአብዛኛው ቤት የሚበቃው

ኢንቨርተር ከኮንታክተር የሚበልጠው ፍጥነት ስለሚቀያይር ብቻ አይደለም። ወደ ቀኝ እያዞረ ሳለ የግራ ትእዛዝ ቢደርሰው በአብዛኛው በራሱ ጊዜ ፍጥነቱን ወደ ዜሮ አውርዶ ከዚያ በተቃራኒው ያነሣዋል። ለጥያቄያችን የሚሰጠው መልስ «የማወጣውን ሄርዝ አውቃለሁ» የሚል ነው። ይህ ከግምት ብዙ ይሻላል፤ ነገር ግን የሚያወጣውን ሄርዝ ማወቅና ዘንጉ በትክክል ስንት እየዞረ እንደሆነ ማወቅ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ ዋጋ የሚያስከፍልበት ቦታ አለ።

በእኛ ቤት የደረሰውን ልናገር። ማሽኑን የገጠመልን ባለሙያ የኢንቨርተሩን አቋቋም በነፃ ዙር ትቶት ነበር፤ ማለትም «ቁም» ሲባል ኢንቨርተሩ ኤሌክትሪኩን ብቻ ያቋርጣል፣ ዘንጉ በራሱ ጊዜ እስኪቆም ይዞራል። ለመፈልፈያ ማሽን ከሚሆን የብረት ሰሌዳ ላይ ወደ ማዶ ያልተበሳ የኤም 8 ቀዳዳ ስሠራ ታፑ ሥሩን መትቶ ተሰበረ። ስሌቱን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ኤም 8 በአንድ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ይገባል፤ የጥርሱ እርምጃ የሚባለው ይህ ነው። በደቂቃ 400 የሚዞር ስፒንድል ለመቆም አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ በዚያች ሴኮንድ በአማካይ በ200 ፍጥነት 3.3 ዙር ያህል ይዞራል፤ ይህም ታፑን ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ታች ይጨምረዋል። እኔ ከቀዳዳው ሥር የተውኩት ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። የመቆሚያው ጊዜ ወደ 0.3 ሴኮንድ ቢወርድ ግን ጭማሪው አንድ ዙር፣ 1.25 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆን ነበር። አማራጮችን ሲያወዳድሩ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይህን ስሌት በራስዎ ፍጥነትና በራስዎ የጥርስ እርምጃ ይሥሩት።

ስለዚህ በኢንቨርተሩ ላይ የመጀመሪያው ማስተካከያ አቋቋሙን ከነፃ ዙር ወደ ቁጥጥር ያለው ማቀዝቀዝ መለወጥ ነው፤ ቀደም ብዬ በጠቀስኩት ኢንቨርተር ፒ.ዲ. 026ን ዜሮ ማድረግ ይህን ያደርጋል፣ የማፍጠኛ ጊዜው በፒ.ዲ. 014፣ የማቀዝቀዣ ጊዜው በፒ.ዲ. 015 ይሞላል። የማቀዝቀዣ ጊዜውን እንደ ፈለጉ ማሳጠር ግን አይቻልም። ዘንጉ በፍጥነት እንዲቆም ሲገደድ ሞተሩ እንደ ጄነሬተር ሆኖ ኤሌክትሪክ ወደ ኢንቨርተሩ ይመልሳል። በ220 ቮልት የሚሠራ ኢንቨርተር ውስጥ ያለው ቀጥተኛ ቮልቴጅ በመደበኛው ጊዜ ወደ 310 ገደማ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ወደ 400 ሲጠጋ ኢንቨርተሩ ራሱን ለማዳን ይዘጋል፤ ሲዘጋም ዘንጉን ይለቀዋል፣ ልክ በነፃ ዙር እንደሚሆነው። የሚጠራቀመው ጉልበት በፍጥነቱ እጥፍ ሳይሆን በእጥፉ እጥፍ ስለሚያድግ፣ በ1,500 ዙር ያለ ችግር የቆመ ስፒንድል በ3,000 ዙር አራት እጥፍ ጉልበት ይመልስና ኢንቨርተሩን ሊዘጋው ይችላል። መፍትሔው ይህን ትርፍ ጉልበት ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያስወግድ የብሬክ ሬዚስተር ነው። ሁሉም ኢንቨርተር ሬዚስተር አይቀበልም፤ ርካሾቹ ላይ ተርሚናሉ ኖሮ የውስጥ መቀያየሪያው የሌለበት ጊዜ ስላለ ከመግዛትዎ በፊት በመመሪያው ላይ ያረጋግጡ። ጥርስ ለማውጣት የሚገዙ ከሆነ ይህን ነጥብ ከዋጋው ልዩነት በላይ እንዲመዝኑት አጥብቄ እመክራለሁ።

የሞተሩ ዓይነትም ወሳኝ ነው። በ400 ሄርዝ በደቂቃ 24,000 የሚዞረው፣ ለእንጨትና ለአሉሚኒየም የተሠራው ፈጣን ስፒንድል ለታፕ አይሆንም። በ400 ዙር እንዲሠራ ቢታዘዝ የሚደርሰው ከ7 ሄርዝ ያነሰ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ጉልበት የለውም፣ በዘንጉ የሚነዳው ማራገቢያም አያቀዘቅዘውም። ተራው ባለ አራት ፖል ሞተር በፑሌጃ ለሁለት ቢከፈል፣ ለዘንጉ 400 ዙር ወደ 27 ሄርዝ ገደማ ብቻ ስለሚበቃው ጉልበቱም ይተርፈዋል።

ኢንቨርተሩን ከኮምፒዩተሩ ጋር ለማገናኘት ደግሞ ሁለት መንገድ አለ። በቀኝና በግራ ተርሚናሎች መገናኘት ቀላልና በመልቲሜትር የሚፈተሽ ነው፤ ብልሽት ሲደርስ የትኛው ሽቦ እንደሆነ በደቂቃ ይታወቃል። በሁለት ሽቦ የመረጃ መስመር መገናኘት ኢንቨርተሩ የሚያወጣውን ሄርዝና የሚስበውን አምፔር መልሶ እንዲነግር ያደርጋል፣ ግን የኢንቨርተሩ ራሱ የኤሌክትሪክ ረብሻ ያውከዋል። እኔ የምመርጠው የመጀመሪያውን ሲሆን፣ በላዩ ላይ የኢንቨርተሩን የውጤት ሪሌ «ፍጥነቱ ደርሷል» በሚለው ላይ አስተካክዬ አንድ ሽቦ ወደ ኮምፒዩተሩ መልሼ አገናኛለሁ። በዚያች አንድ ሽቦ የግምቱ ዘመን ያበቃል።

አየር ንብረታችንንም አይርሱ። የኢንቨርተር መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው አቅም እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ እንደሆነና ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ እንደሚቀነስ ይገልጻሉ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናትና ሰባት ስምንት በመቶ ቀንሶ ማሰብ ይገባል፤ የሚበጀውም ከሞተሩ በአንድ ደረጃ የሚበልጥ ኢንቨርተር መግዛት ነው። በክረምቱ እርጥበት ለሳምንታት ተዘግቶ የቆየ ኢንቨርተርም ውስጡ ሳይደርቅ መብራት ሊገባለት አይገባም።

ሰርቮ ስፒንድል

ሰርቮ ስፒንድል፣ ማለትም ኢንኮደር ያለውና ድራይቭ በሚባል የራሱ መቆጣጠሪያ የሚነዳው ስፒንድል፣ ለጥያቄያችን «ዘንጉ የት እንዳለ በየቅጽበቱ አውቃለሁ» ብሎ ይመልሳል። ኢንኮደሩ ሲቀዘቅዝም፣ ሲቆምም፣ ሲገለበጥም ስለሚከታተለው የማሽኑ ቁልቁል እንቅስቃሴ ከዘንጉ ዙር ጋር በጥርስ እርምጃው ልክ ይታሰራል፤ ታፑም ያለ ተንሳፋፊ መያዣ (ታፑ ጥቂት ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንሸራተት የሚፈቅድ መያዣ) ይገባል ይወጣል። በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር ቀዳዳ ለሚያወጣ ቤት ከዚህ የሚወዳደር የለም። ለቀረነው ግን ዋጋው ከባድ ነው፤ ከዋጋውም በላይ የሚያሳስበኝ ድራይቩ ቢበላሽ በምትኩ ሌላ ማግኘት ቀላል አለመሆኑ ነው። የተበላሸ ኮንታክተር በአንድ ሰዓት፣ ኢንቨርተርም ከአዲስ አበባ በሁለትና በሦስት ቀን ይተካል፤ የአንድ ፋብሪካ ሰርቮ ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ድራይቭ እንጂ በሌላ አይሠራም።

መካከለኛ መንገድ አለ። በኢንቨርተር በሚነዳ ዘንግ ላይ ለብቻው ኢንኮደር ቢገጠምና ሊነክስ ሲ.ኤን.ሲ. የተባለው የቁጥጥር ፕሮግራም ጥቅም ላይ ቢውል፣ ጂ 33.1 በሚባለው ትእዛዝ ቁልቁል እንቅስቃሴው የዘንጉን ትክክለኛ ዙር ይከተላል። ዘንጉ ወደ ኋላ እንዲዞር ታዝዞ ገና እየቀዘቀዘ ሳለም ማሽኑ አብሮት ወደ ታች ይቀጥላል፣ ሲገለበጥም አብሮት ይመለሳል። ጥርሱ አይበላሽም፤ ከተጻፈው ጥልቀት አልፎ መውረዱ ግን አይቀርም፣ ስለዚህ ያ የ4 ሚሊ ሜትር ስሌት እዚህም ይሠራል።

የቁጥጥር ፕሮግራሙ ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም?

ኤሌክትሪኩ በሚገባ ተገጥሞም ፕሮግራሙ ሳይጠብቅ ከሄደ ውጤቱ ያው ነው። ጂ.አር.ቢ.ኤል. የተባለው የቁጥጥር ፕሮግራም ኤም 4ን ከሰጠ በኋላ ምንም አይጠብቅም፤ ጂ 4 ብሎ የመጠበቂያ ጊዜ የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገዋል። አርዱዊኖ ኡኖ በተባለው ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ በተለመደው አደረጃጀት አቅጣጫውን በ13ኛው፣ ፍጥነቱን በ11ኛው ፒን ያወጣል። 13ኛውን ወደ ማብሪያነት የሚለውጠው ምርጫ ከተከፈተ ግን ኤም 4 ጨርሶ ይጠፋል። በአንድ ማሽን ሌዘርም ስፒንድልም ለሚያፈራርቁ ደግሞ በሌዘር አሠራር ውስጥ ኤም 4 አቅጣጫ ሳይሆን የሌዘሩን ኃይል ከፍጥነቱ ጋር የማመጣጠን ትእዛዝ ነው፤ ወደ ስፒንድል ሲመለሱ 32ኛውን ቅንብር ወደ ዜሮ መመለስ አይዘንጋ።

ማክ 3 የተባለው ፕሮግራም ለቀኝና ለግራ፣ ለማፍጠንና ለማቆም የተለያየ የመጠበቂያ ጊዜ የሚሞላበት ገጽ አለው፤ ይህ ከጂ.አር.ቢ.ኤል. ይሻላል፣ ግን አሁንም ግምት ነው። ሊነክስ ሲ.ኤን.ሲ. «ፍጥነቱ ደርሷል» የሚል መግቢያ ስላለው ምልክቱ እስኪመጣ የመቁረጫ እንቅስቃሴ አይጀምርም፤ መግቢያው ካልተገናኘ ግን ፍጥነቱ ሁልጊዜ እንደ ደረሰ ይቆጥራል። እዚህ ላይ ሁለት ቀን ያስፈተሸኝን ነገር ላካፍል። በኤም 4 ጊዜ የሚታዘዘው ፍጥነት በኔጌቲቭ ቁጥር ይሄዳል፣ ከኢንቨርተሩ የሚመለሰው ግን ፖዘቲቭ ነው፤ ሁለቱ ስለማይገጥሙ ማሽኑ በኤም 3 በሚገባ እየሠራ በኤም 4 ለዘላለም ቆሞ ይጠብቃል። የሚነጻጸረው የኔጌቲቭ ምልክት የሌለው ፍጥነት እንዲሆን ማድረግ ችግሩን ይፈታዋል።

ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው በተለይ የሚጠነቀቅበት ቁጥርም አለ። ጂ 4 ፒ 3 በጂ.አር.ቢ.ኤል. እና በሊነክስ ሲ.ኤን.ሲ. ሦስት ሴኮንድ ነው፤ በፋኑክ መቆጣጠሪያ ግን ሦስት ሚሊ ሴኮንድ፣ ማለትም ምንም ያህል ነው። በማክ 3 እንደ ተመረጠው ቅንብር ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። በኮሌጅ በአንዱ የተማረ ወጣት በሌላው ማሽን ላይ ያንኑ መስመር ሲጽፍ ስፒንድሉ ሳይቆም ይገለበጣል።

እኔ ብሆን የምመርጠው

ለእንጨት ቤት ወደ ኋላ መዞር የተከለከለበት ኢንቨርተር፤ ከዚያ ያለፈ ወጪ አያስፈልገውም። ጥቂት ቀዳዳ ለሚያወጣ የብረት ቤት ያው ኢንቨርተር ከጥርስ መፍጫ መቁረጫ ጋር፤ ኤም 6ንና ከዚያ በታች ያለውን በእጅ። የቡና ማሽን መለዋወጫ በብዛት ለሚሠራ ቤት የብሬክ ሬዚስተር የተገጠመለት ኢንቨርተር፣ ባለ ፑሌጃ ተራ ሞተር፣ በዘንጉ ላይ ኢንኮደርና ሊነክስ ሲ.ኤን.ሲ.፤ ገንዘቡ እስኪሞላ ድረስ ኢንኮደሩን ትቶ በተንሳፋፊ የታፕ መያዣ መጀመር ይችላል። ኮንታክተሮቹን የምመርጠው የማርሽ ሳጥን ያለውን አሮጌ ማሽን ሞተሩን ሳልቀይር ለማስነሣት ብቻ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ መብራት በታፕ መሃል ሊጠፋ እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። ለኮምፒዩተሩ ብቻ የተገዛ ባትሪ ታፑን አያድነውም፤ ማሽኑ ሲቆም ዘንጉ በፍጥነቱ ጥቂት መዞሩን ይቀጥላልና። ተንሳፋፊ መያዣ እዚህም ይረዳል። መብራት ሲመለስም ኢንቨርተሩ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገው ቅንብር ካለ ይዘጋ፤ ሠራተኛው እጁን ሰዶ ታፑን ሲያላቅቅ ስፒንድሉ እንዳይነሣበት።

ገጠማው ካለቀ በኋላ ታፕ ከመግባቱ በፊት መቁረጫ ሳይኖር ይፈተሽ። በዘንጉ ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር ይሠመር፤ ኤም 3 ተሰጥቶ ከላይ ወደ ታች ሲታይ ወደ ቀኝ መዞሩ በዝቅተኛ ፍጥነት ይረጋገጥ። ከዚያ ጥርስ በሚወጣበት ፍጥነት ኤም 5 ይሰጥና እስኪቆም ያለው በስልክ ቪዲዮ ተቀርጾ፣ መስመሩ ስንት ጊዜ እንዳለፈ አንድ በአንድ ይቆጠር፤ ያ የዙር ቁጥር በጥርሱ እርምጃ ሲባዛ ከቀዳዳው ሥር መተው ያለበት ክፍተት ይገኛል። ይኸው ፈተና በኤም 4ም ይደገም፣ ማሽኑ ከሞቀ በኋላም እንደገና ይደገም፤ ከተገኙት ቁጥሮች ትልቁ በማሽኑ ላይ ይለጠፍ።